እራፊውን ማን ይጠብቀዋል?

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነበር። እኛ ዐቢይ ጾምን ይዘናል፤ ምዕራባውያን ደግሞ ስቅለታቸው ደርሶ ለበዓል ዕረፍት ይሰናዳሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድሬስ ፍሮይንድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ፍጥነት ይለካል። ፍሮይንድ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ሲሆን፣ ፖስትግሬስ የተባለውን ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት ከሚያበጁት ፕሮግራመሮች አንዱ ነው። የሚለካው ነገር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ ጸጥ እንዲልለት ይፈልጋል። ወርቅ የሚመዝን ሰው ነፋስ ሚዛኑን እንዳያወዛውዝበት መስኮቱን እንደሚዘጋ፣ እሱም ከጀርባ የሚንቀሳቀሱትን ፕሮግራሞች ጸጥ ያሰኛል።

አንዱ ግን ጸጥ አልል አለው። ኤስኤስኤች ይባላል፤ የሰርቨር ባለሙያ ቤቱ ወይም ቢሮው ሆኖ ሩቅ ወዳለ ሰርቨር የሚገባበት በር ነው። ኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ እንዲህ ያለ በር ቀን ከሌት ይንኳኳል። የማይታወቁ እጆች በዘፈቀደ ስም እየሞከሩ ይመጣሉ፤ በሩ አይቻልም ይላቸዋል፤ ይሄዳሉ። ይህ የተለመደ ነው፣ በሩን የሚያደክም ሥራም አይደለም። በዚያ ሰሞን ግን በሩ እንቢ ለማለት ብቻ ብዙ ጉልበት ያወጣ ነበር። ፍሮይንድ ለካው። ቀድሞ 0.299 ሰከንድ ይወስድ የነበረው አሁን 0.807 ሰከንድ ወሰደ።

ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ ነው። ብዙዎቻችን «ኔትወርኩ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። እሱ ግን ጉልበቱ የት እንደሚሄድ ተከታተለ። ፍለጋው ኤክስዚ ወደተባለ የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም አደረሰው። እዚያ ሲደርስ የመለኪያ መሣሪያው ጉልበቱን የሚበላው የኮድ ክፍል የትኛው እንደሆነ በስም ሊነግረው አልቻለም። ጠረጠረ። ከሳምንታት በፊት ያየው ነገርም ትዝ አለው፤ ሶፍትዌሮቹን ካደሰ በኋላ ቫልግሪንድ የተባለው የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ መሣሪያ አንድ እንግዳ ቅሬታ አሰምቶ ነበር። ሁለቱን አገናኛቸው።

ማርች 28 ዴቢያን ለተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የደህንነት ቡድን በምስጢር አሳወቀ፤ በማግስቱ፣ ማርች 29 ቀን 2024፣ በእኛ መጋቢት 20፣ ለዓለም ይፋ አደረገው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤክስዚ ውስጥ የጓሮ በር ተተክሏል። ተካዩ ብቻ የያዘው ምስጢራዊ ቁልፍ ያለው ሰው በዚያ በር ገብቶ ሰርቨሩን እንዳሻው ያዘዋል። ግኝቱ ሲቪኢ-2024-3094 የሚል መለያ ተሰጠው፤ አደገኛነቱም ከፍተኛው ነጥብ፣ ከ10 10፣ ተያዘለት።

ታሪኩ በዓለም የተወራው የአንድ ንቁ ሰው ገድል ሆኖ ነው፤ ይገባዋልም። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ የጓሮ በር አጥር ሰብሮ አልገባም። ጥገና መስሎ፣ እራፊ መስሎ፣ በፊት ለፊት በር ነው የገባው።

ሽንቁርና እራፊ

የአገራችን የአይቲ ባለሙያዎች «ሰርቨሩ ፓች ተደርጓል?» ይባባላሉ። ፓች ማለት እራፊ ነው፤ በተቀደደ ልብስ ላይ የሚጣፍ ቁራጭ ጨርቅ። ቃሉ ወደ ኮምፒውተር የገባው በምሳሌነት ብቻ አይደለም። የጥንቶቹ ኮምፒውተሮች ትእዛዛቸውን የሚያነቡት ከተበሳ ወረቀት ነበር። ቀዳዳው በተሳሳተ ቦታ ከተበሳ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት ይደፈናል፤ ሽንቁሩም እራፊውም በእጅ የሚዳሰሱ ነበሩ። በ1985 ላሪ ዎል፣ ኋላ ፐርል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ሰው፣ ስሙ ራሱ «ፓች» የሆነ ትንሽ ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ በአሮጌውና በአዲሱ ኮድ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ተቀብሎ በቦታው ይሰፋል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ተበታትነው የሚኖሩ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች አንድን ፕሮግራም በጋራ መጠገን ቀለላቸው።

ዛሬም አንድ ፓች ቢከፈት የሚታየው ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። የሚወጣው መስመር ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት አለው፤ የሚገባው የመደመር። ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ውስጥ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በእንዲህ ያሉ ቁራጮች አድጎ ነው ዛሬ አብዛኛውን የኢንተርኔት ሰርቨር የተሸከመው። እነዚህን ቁራጮች ማንም ሊያያቸው ይችላል፤ ምንጩ ክፍት ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ዴቢያን በ1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተው፣ በፈቃደኞች የሚመራ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ኡቡንቱም ከእሱ ተወልዷል። ዴቢያን የሚያድላቸውን ፕሮግራሞች አብዛኞቹን ራሱ አይጽፋቸውም። ከየባለቤቶቻቸው ይሰበስባል፣ እርስ በርስ ያስማማል፣ ፊርማውን አኑሮ ያደርሳል። አንድ ፕሮግራም ላይ ሽንቁር ሲገኝ የፕሮግራሙ ባለቤቶች አዲስ ቨርዥን ያወጣሉ። ዴቢያን ግን በተረጋጋው ዘርፉ ላይ ያንን አዲስ ቨርዥን አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ አያወርድም፤ አዲስ ቨርዥን አዲስ ጠባይ ይዞ ስለሚመጣ ትናንት ሲሠራ የዋለው የአንድ ሆስፒታል ወይም ባንክ ሥርዓት ዛሬ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የደህንነት ቡድኑ ከአዲሱ ላይ ሽንቁሩን የምትደፍነውን ቁራጭ ብቻ ቆርጦ በአሮጌው ላይ ይጥፋል። የቨርዥኑ ዋና ቁጥር አይለወጥም፤ ከመጨረሻው ያለችው ትንሿ ቁጥር ብቻ አንድ ከፍ ትላለች። ቁጥር ብቻ አይቶ «ይህ ያልታደሰ ነው» የሚል የኦዲት መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሥራ ሳስብ በየሰፈሩ በረንዳ ላይ ሲንጀር መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉት ልብስ ሰፊዎች ይታዩኛል። ጥሩ ሰፊ ሱሪ ሲጠግን ክሩን ከጨርቁ ጋር ያመሳስላል። ሰፍቶ ሲያበቃም ሱሪውን ገልብጦ በውስጥ በኩል ያየዋል። በፓች ዓለም የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ይህች ገልብጦ ማየት ናት።

አደራ

ኤክስዚን የጻፈውና ለዓመታት የጠበቀው ላሴ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ ነው። ፕሮግራሙ ፋይል ይጨምቃል፣ የተጨመቀውን ይፈታል፤ ሥራው ይኸው ነው። ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሌለበት ሊኑክስ የለም ማለት ይቻላል። ኮሊን ለዚህ ድካሙ ደመወዝ አልነበረውም።

በ2021 ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው ፓች ይልክለት ጀመር። ፓቾቹ ጤናማና ጠቃሚ ነበሩ። በ2022 ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቃቸው ስሞች ብቅ ብለው ኮሊንን ይወቅሱት ያዙ። ሥራው ዘገየ፣ ፓቾች ተከማቹ፣ ካልቻልክ ለሌላ አስረክብ እያሉ ወጠሩት። ኮሊን በዚያው ዓመት ጁን ላይ በሰጠው መልስ ሥራው ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ መሆኑን፣ ለረጅም ጊዜ ከቆየ የአእምሮ ጤና ችግር ጋር እየኖረ መሆኑን ገለጸ። ጂያ ታን ምናልባት ወደፊት ሰፋ ያለ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችልም ጠቆመ።

ይህን መልስ ባነበብኩት ቁጥር አዝናለሁ። ግዙፍ ኩባንያዎች ሰርቨሮቻቸውን የገነቡበት ምሰሶ በአንድ የደከመ ሰው ትከሻ ላይ ነበር፤ ሊያግዘው የመጣው ብቸኛ ሰው ደግሞ ሊያጠፋው የመጣው ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ከ2014 በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። በዚያ ዓመት ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለው ሽንቁር ሲገኝ፣ ዓለም ምስጢሩን የሚጠብቅበትን ፕሮግራም እጅግ ጥቂት ሰዎች በጥቂት ገንዘብ ይዘውት እንደነበር ታውቆ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው ነበር። መዋጮው ስሙ የተጠራውን ፕሮግራም ደገፈ፤ ስማቸው ያልተጠራው እነ ኤክስዚ እንደነበሩ ቀሩ።

በ2023 ጂያ ታን አዳዲስ ቨርዥኖችን ራሱ ያወጣ ነበር። ከመጀመሪያዋ ፓች እስከ ጥፋቱ ቀን ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ሠርቷል። አንድ ሰው ይሁን ቡድን እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም። በአማርኛ ግን ሥራው ስም አለው፤ አደራ በላ ነው።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2024 ቨርዥን 5.6.0 ወጣ። የጓሮ በሩ የተደበቀው ለመፈተኛ በተቀመጡ ፋይሎች ውስጥ ነበር። ቦታው በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። የመጭመቂያ ፕሮግራም የተበላሸ ፋይል ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ለመፈተሽ ሆን ተብለው የተበላሹ ፋይሎች ያስፈልጉታል፤ ሰው ሊያነበው የማይችል ፋይል እዚያ ቢገኝ ማንም አይደነቅም። ከፋይሎቹ ውስጥ መርዙን የሚመዝዘው ትእዛዝ ደግሞ በአደባባይ በሚታየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለሕዝብ በሚለቀቀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ኮዱን በማከማቻው የሚያነብ ሰው አያየውም፤ ጥቅሉን ወስዶ የሚገነባው ዴቢያን ወይም ፌዶራ የተባለው ሌላ የሊኑክስ ስርጭት ግን ሳያውቅ ይዞት ይሄዳል።

ያቺ የቫልግሪንድ ቅሬታ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። የጓሮ በሩ ሜሞሪ ላይ የሚያደርገው ንክኪ ለመሣሪያው ታይቶታል። ጂያ ታን ጥፋቱን በኮድ ማጠናቀሪያው አመካኘ፤ የፌዶራ ሰዎችም በቅን ልቦና ችግሩን ለመፍታት ከእሱ ጋር ሠሩ። ማርች 9 ቨርዥን 5.6.1 ወጣ፤ ቅሬታው «ተስተካከለ» ተባለ። የተስተካከለው መደበቂያው ነበር።

ኤክስዚ ከኤስኤስኤች ጋር የተገናኘበት መንገድም ሊነገር ይገባዋል። በስፋት የሚሠራበት የኤስኤስኤች ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤች ነው፤ ባለቤቶቹ በቲዎ ዴ ራት የሚመራው የኦፕንቢኤስዲ ቡድን ሲሆኑ ኤክስዚን ጭራሽ አይጠቀሙም። ዴቢያንና ፌዶራ ግን «በሩ ሥራ ጀምሯል» የሚል መልእክት ሲስተምዲ ለተባለው የፕሮግራሞች አስተዳዳሪ እንዲደርስ ብለው በራሳቸው ፓች ጨምረውበት ነበር። ያቺ ፓች የሲስተምዲን ላይብረሪ ትጠራለች፤ እሱ ደግሞ ኤክስዚን ይጠራል። ለምቾት ተብላ የተሰፋች እራፊ ለሌባ መሸጋገሪያ ድልድይ ሆነች።

እንደ ዕድል ሆኖ ጥፋቱ ወደ ተረጋጉት ቨርዥኖች አልደረሰም ነበር። የነበረው በዴቢያን የሙከራ ዘርፎች፣ በፌዶራ 40 ቅድመ ልቀትና በመሳሰሉት ነው። ዴቢያን ወዲያውኑ ወደ ቀድሞው 5.4.5 ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን አንድ ችግር ገጠመው። የጥቅል አስተዳዳሪው ፕሮግራም ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር አዲስ ብሎ ስለሚያምን፣ 5.6.1 የጫነ ማሽን 5.4.5 ቢሰጡት አሮጌ ነው ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ጥቅሉን «5.6.1+ሪሊ5.4.5» ብለው ሰየሙት፤ ሪሊ የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል በእውነቱ ማለት ናት። ቁጥሩ 5.6.1 ይመስላል፣ በእውነቱ 5.4.5 ነው እንደማለት። ላሴ ኮሊንም ወደ ሥራው ተመልሶ የተበከለውን አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣና ሜይ 29 ቀን ንጹሑን 5.6.2 አወጣ።

ሁለት መስመር

ቫልግሪንድ በዴቢያን ታሪክ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እንዲያውም በፊተኛው ጊዜ መሣሪያውን ማመን ነበር ያጠፋው።

በ2006 ኦፕንኤስኤስኤልን በዴቢያን የሚንከባከበው ባለሙያ መሣሪያው ሁለት መስመር ላይ ቅሬታ እንደሚያቀርብ አየ። መስመሮቹ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ያልተሰናዳ ሜሞሪ ያነባሉ ተብለው ተከሰሱ። ባለሙያው በድፍረት አልቆረጠም፣ የፕሮግራሙን ባለቤቶች ጠይቋል፤ ጥያቄውም መልሱም ሳይግባቡ ተላለፉ። ሁለቱም መስመሮች እንዳይሠሩ ተደረጉ፤ ሴፕቴምበር 2006 ላይ ለሕዝብ ወጣ።

ከሁለቱ አንዷ መስመር ብትወጣ የሚጎዳ ነገር አልነበረም። ሌላዋ ግን የቁልፍ ሥራው ልብ ነበረች። ኮምፒውተር ምስጢራዊ ቁልፍ ሲቀርጽ ማንም ሊገምተው የማይችል ዕጣ ያስፈልገዋል፤ ዕጣው የሚቀላቀልበት ማሰሮ አለ፤ ያቺ መስመር ዕጣውን ወደ ማሰሮው የምታስገባ እጅ ነበረች። እሷ ስትወጣ ማሰሮው ውስጥ የቀረው የፕሮግራሙ ተራ ቁጥር ብቻ ሆነ። ተራ ቁጥሩ ደግሞ ከ32,768 አያልፍም። በዓለም ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢደክሙ ሊገምቱት የማይችሉት የተባለ ቁልፍ፣ ለእያንዳንዱ የቁልፍ ዓይነትና ርዝመት በዝርዝር ተጽፎ የሚያልቅ ሆነ።

ሉቺያኖ ቤሎ የተባለ የዴቢያን አባል እስኪያገኘው ድረስ 20 ወራት አለፉ። ሜይ 13 ቀን 2008 ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ፓቹም አብሮ ወጣ። የእውነቱ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በሩ ቢጠገንም በእነዚያ ወራት የተቀረጹት ቁልፎች በየሰው እጅ ነበሩ፤ ዴቢያን ባልሆኑ ሰርቨሮች ላይ ጭምር ተመዝግበው ነበር። ሁሉም ተለቅመው መጣል ነበረባቸው። ዴቢያን የደካማ ቁልፎችን ጥቁር መዝገብ አሰናድቶ በሩ እነሱን እንዳይቀበል አደረገ። ያንን ሰሞን ያለፉ የሰርቨር ባለሙያዎች ዛሬም ያስታውሱታል።

በ2006 የመሣሪያው ቅሬታ ፀጥ እንዲል ተብሎ ሽንቁር ተከፈተ፤ በ2024 ቅሬታው ተቀብሮ እንዳይቀር ያስታወሰው ሰው ሽንቁሩን አገኘ። መሣሪያው ሁለቱም ጊዜ ያየውን ተናግሯል። ለምን እንደተናገረ እስከ ሥሩ ወርዶ የጠየቀው ሰው ግን በአንዱ ጊዜ ብቻ ነው የተገኘው።

የተረሳ ጥበቃ

ጁላይ 1 ቀን 2024፣ ከኤክስዚ ጉድ ሦስት ወር በኋላ፣ ኳሊስ የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ኩባንያ ኦፕንኤስኤስኤች ውስጥ ራሱ ሽንቁር ማግኘቱን አስታወቀ። ሲቪኢ-2024-6387 ነው። እዚህ አደራ በላ የለም። ያለው መርሳት ነው፤ እኔም ከሦስቱ ታሪኮች ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሩን ያንኳኳ ሰው ማንነቱን እንዲያስረዳ 120 ሰከንድ ይሰጠዋል። ካለፈው ደወል ይጮኻል፤ ፕሮግራሙ በእጁ ያለውን ሁሉ ጥሎ «ጊዜው አልፏል» ብሎ መዝገብ ላይ ይጽፋል። አንድ ገንዘብ ያዥ የሒሳብ መዝገብ ላይ ቁጥር ጽፎ ሳይጨርስ ተጠራ እንበል፤ ግማሽ የተጻፈው መስመር ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ጻፈበት። ሒሳቡ ይፋለሳል። ፕሮግራሙም የሜሞሪ መዝገቡን እያስተካከለ ሳለ ደወሉ ከጮኸ፣ ደወሉን ተከትሎ የሚመጣው ጽሑፍ ያንኑ መዝገብ ይነካል። ሰዓቱን አነጣጥሮ ሺህ ጊዜ የሚሞክር ሰርጎ ገብ በዚያ መፋለስ ውስጥ የራሱን ትእዛዝ ያስገባል። ኳሊስ በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ ባደረገው ሙከራ ሰዓቱን አነጣጥሮ ለማግኘት በአማካይ 10,000 ያህል ሙከራ፣ ጨርሶ ለመግባት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ፈጅቶበታል። የሚገባው ሰው የሚገባው በማሽኑ የበላይ ባለሥልጣን መብት ነው።

ይህ ሽንቁር አዲስ አልነበረም። በ2006 ማርክ ዳውድ አግኝቶት፣ ተጠግኖ፣ ተዘግቶ ነበር። ጥገናው ደወሉ ሲጮኽ አደገኛው ጽሑፍ እንዳይጻፍ የምትከለክል አንዲት ቅድመ ሁኔታ ነበረች። ኦክቶበር 2020 ላይ የመዝገብ አጻጻፉ ኮድ ሲታደስ ያቺ ቅድመ ሁኔታ ሳይታሰብ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የወጡት ቨርዥኖች፣ ከ8.5 እስከ 9.7፣ ሁሉም ተጋልጠው ኖሩ። ኳሊስ ኢንተርኔት ላይ ከ14 ሚሊዮን በላይ የሚጠረጠሩ በሮች ቆጠረ።

ገበሬ ማሳው ውስጥ ድንጋይ ተክሎ ይሞታል፤ ልጁ ለምን እንደተተከለ ሳያውቅ ለማረሻ አስቸገረኝ ብሎ ይነቅለዋል፤ በክረምት ጎርፉ ሲመጣ ነው አባቱ ምን ይከላከል እንደነበር የሚገባው። ከእያንዳንዱ የደህንነት ፓች ጎን ለምን እንደገባ የሚናገር ማስታወሻ፣ ደግሞም ያ ጥፋት ዳግም ቢመጣ የሚጮኽ ፈተና መቀመጥ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ይህ እንደ ትርፍ ሥራ ሲታይ አይቻለሁ፤ አልስማማም። ያለ ማስታወሻ የተሰፋ ጥገና ግማሽ ጥገና ነው። ኦፕንቢኤስዲ በዚያ ጁላይ ያልተነካው የደወሉን ጽሑፍ ያለ ጉዳት የሚጽፍ የራሱን ዘዴ በ2001 ሠርቶ ስለያዘ ነው። 23 ዓመት የኖረ ጥንቃቄ በዚያች ቀን ዋጋውን አሳየ።

በዚያው ቀን የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 9.8 ሌላም ነገር ይዞ ነበር። ለሲስተምዲ መልእክት የመላኩን ሥራ፣ ያቺን ኤክስዚን ወደ በሩ ያመጣችውን፣ ከማንም ላይብረሪ ሳይጠጋ በራሱ አጭር ኮድ አካተተው። ስለዚህ አንድ ልቀት ሁለት ሽንቁሮችን ዘጋ፤ አንዱን በፊት ለፊት፣ አንዱን ከሥሩ።

ከአዋጁ በኋላ ያለው ሰዓት

ሽንቁር ሲገኝ ወዲያው አይታወጅም። የየሊኑክሱ የደህንነት ቡድኖች በምስጢር ይነጋገራሉ፤ ምስጢሩ ቢበዛ 14 ቀን እንዲቆይ ተስማምተዋል። በእነዚያ ቀናት ፓቹ ይሰፋል፣ ይፈተሻል፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይለቁታል። ጥሩ ሥርዓት ነው። ከተለቀቀበት ደቂቃ ጀምሮ ግን ፓቹ ለወዳጅም ለጠላትም ይነበባል። የመቀነስና የመደመር ምልክቶቹን የሚከተል ሰርጎ ገብ ሽንቁሩ የት እንደነበር በትክክል ያውቃል። ፓች የወጣለት፣ ያልታደሰ ማሽን ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ የተጋለጠ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የምንለው እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል።

የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ ለዚህ ምስክር ነው። አፓቼ ስትራትስ ለተባለው ምንጩ ክፍት ለሆነ ሶፍትዌር ፓች የወጣው ማርች 2017 ነው። ሰርጎ ገቦቹ ሜይ ላይ ባልተደፈነው ሽንቁር ገቡ። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የግል መረጃ ተወሰደ። እራፊው ከሁለት ወር በፊት ተሰፍቶ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ጭኖ መሄድም አይበቃም። ላይብረሪ ሲታደስ አዲሱ ፋይል ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ቀድሞ የተነሣው ፕሮግራም ግን እንደገና እስኪነሣ ድረስ አሮጌውን በሜሞሪ እንደያዘ ይሠራል። የሊኑክስ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ሲጠገን ደግሞ በአብዛኛው ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ መብራት አለበት። «የእኛ ሰርቨር ሦስት ዓመት ጠፍቶ አያውቅም» ብሎ የሚኮራ ባለሙያ አጋጥሞኛል። ትጋቱን አከብራለሁ፤ ያ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም የከርነል ጥገና ሥራ ላይ እንዳልዋለ ነው።

አገራችን ውስጥም ሊኑክስ የተሸከማቸው ሰርቨሮች በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየባንኩ አሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ወጣት ባለሙያ ይተክላቸዋል፤ ከዚያ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ እንደተተከለ ይቀራል። ማንም አይነካውም፤ ስለሚሠራ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን የጥገና ዕድሜ አለው። ለምሳሌ በብዙ ድርጅቶች ዘንድ የተወደደው ሴንትኦኤስ 7 ጥገናው ያበቃው ጁን 30 ቀን 2024 ነው፤ የኳሊስ ማስታወቂያ ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀድሞ። የያዘው ኦፕንኤስኤስኤች አሮጌ ስለነበር በዚያ ሽንቁር አልተነካም። በሚቀጥለው ሽንቁር ግን ዕድል ይህን ያህል ደግ ላይሆን ይችላል፤ ያኔ እራፊ የሚሰፋለት ሰው የለም።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሰርቨር ስትገዙ ለማሽኑ በጀት እንደምትይዙ ሁሉ፣ የሚያድሰውን ሰው በስም መድቡ፤ በወር አንድ ሌሊት ሥርዓቱን አቁሞ እንዲያድስ ፈቃድ ስጡት። ባለሙያው ብዙ ጊዜ ማድረግ ያለበትን ያውቃል፤ የሚጎድለው ፈቃዱ ነው። የዴቢያንና የኡቡንቱ ማሽኖች የደህንነት ፓቾችን በራሳቸው እንዲያወርዱና እንዲጭኑ ማድረግም ይቻላል፤ ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ከነፃው ጥቅል ጋር አብሮ ይመጣል።

አንባቢም ሰርቨር የለኝም ብለህ አትለፈው፣ አትለፊው። አንድሮይድ ስልክ ከያዝክ በኪስህ ያለው ሊኑክስ ነው። ጉግል ከኦገስት 2015 ጀምሮ በየወሩ የደህንነት ማስታወቂያ ያወጣል፤ ፓቹ ግን አንተ ጋ እስኪደርስ በቺፕ ሠሪውና በስልክ ሠሪው እጅ ያልፋል፣ አንዳንዱ ስልክ ላይ ጨርሶ አይደርስም። በሞባይል ዳታ መቶዎች ሜጋባይት ማውረድ ኪስ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ የስልኩን ሴቲንግ ክፈቱ፣ ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ገጽ አግኙ፣ የደህንነት ማሻሻያው የተጻፈበትን ቀን ተመልከቱ። ከዚያ ቀን በኋላ የተገኘ ሽንቁር በእናንተ ስልክ ላይ ገና ክፍት ሊሆን ይችላል። አዲስ ማሻሻያ ካለ ዛሬ ማታ ጫኑት፤ ማሻሻያ ከቆመለት ዓመታት ያለፉት ከሆነ ግን የባንክ መተግበሪያችሁን እዚያ ስልክ ላይ አታስቀምጡ።